ሎዶስ

ሥራዬ መቁጠር ነው። ከአሥራ ሁለት ስክሪን ፊት፣
መኪና እቆጥራለሁ ከንጋት እስከ ሌሊት።
ኢስታንቡልን ባሕር ነው የከፈላት ለሁለት፤
እስያ ያደረ፣ አውሮፓ ለመዋል፣ መሻገር አለበት።

አንዱ መንገድ ጀልባ፤ ከሃሬም ወደ ማዶ ሃያ አምስት ደቂቃ፣
ሞተርህን አጥፍተህ፣ የባሕር ወፍ እያየህ፣ ሻይህ ሳያበቃ።
ግን ሎዶስ የሚሉት የደቡብ ነፋስ አለ፣
ሲመጣ አያንኳኳም፤ ጀልባውን ካሰረ ቀንህን ገደለ።

ሌላው ድልድዩ ነው፤ ሰባ አምስት ደቂቃ፣ ክረምት ከበጋ፤
አይፈጥንም፣ አይዋሽም፣ ደግሞም አያሰጋ።

እኔ አስልቼዋለሁ። ከአሥር ቀን ዘጠኙን ጀልባው ይሻገራል፤
አንዱን ቀን ይቀራል፣ ሰዉን ሁለት ሰዓት ተኩል ያስጠብቃል።
ደምረህ ብታካፍል ሠላሳ ሰባት ተኩል፣
ልክ የድልድዩ ግማሽ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይባል?
ሰው ግን በአማካይ አይኖርም። ሰው የሚኖረው ዛሬን ነው፤
ደህና ያለፉትን ዘጠኝ ቀኖች ማን አስታወሳቸው?

ሴኒሃ አዋላጅ ናት፦ «ምጥ ቀጠሮ አይሰጥ፣ ባሕር ቀጠሮ አይጠብቅ፤
በሁለቱ መሃል የኔ ልብ አይሰንጠቅ።»
ቱርጉት እርሾ ጫኝ ነው፦ «ወደብ ላይ ፀሐይ ከመታው ጭነቴ ይበላሻል፤
ከነፋስ ጋር ቁማር ጤነኛ ይጫወታል?»
ወንድሜ ኤክሬም፣ በሎዶስ ምክንያት ፈተና ያመለጠው፣
ይኸው ሃያ ዓመቱ፤ ዛሬም የጀልባ ጥሩምባ ነው ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው።

አንድ በአንድ ጠይቃቸው፤ ሁሉም ልክ ናቸው።
ስህተቱ ድምራቸው።

ድልድዩ እኮ ባዶውን አሥር ደቂቃ ነው።
የቀረውን ስድሳ አምስት አስፋልቱ አልወለደው፤
የኛው ስጋት ነው፣ መኪና በመኪና ላይ የተደረደረው፣
እርግጡን ፍለጋ መጥቶ፣ ማርፈዱን እርግጥ ያደረገው።
ፍርሃት ቀረጥ ሆኗል፤ ከፋዩ ብዙ ነው፣ ሰብሳቢው ግን የለም፤
አስፋልት አይጠገንበት፣ የድልድዩ ብረት በእሱ አይቀለም።
በዚያው ሰዓት ጀልባው፣ ግማሽ ጎኑ ባዶ፣
ሦስት ታክሲና አንድ የበግ መኪና ይዞ ይሻገራል ወደ ማዶ።

አለቃዬ ኦርሁን «እውነቱን እንንገራቸው» አለ፤
በአውራ ጎዳናው ዳር ሰሌዳ ተተከለ፦
«ጀልባ፦ ከአሥር ቀን ዘጠኙን ይሄዳል።»
ዘጠኙን ጻፍንላቸው።
አንዷን አነበቧት።

ደግሞስ ሁሉም ቢያምኑን? የሃሬም ሰልፍ እስከ መካነ መቃብሩ በደረሰ፤
ሃያ አምስቱ ደቂቃም በወረፋ በፈረሰ።
የሚበጀው መሃሉ ነበር። መሃሉን ግን
ማንም ሰው ብቻውን ሊመርጠው አይችልም።

እኔስ?
ቤቴ ኡስኩዳር ነው። ቁጥሩን የማውቀው፣ ሠንጠረዡን የሠራሁ፣
አንድ ሌሊት ቅጂ ሳገላብጥ፣ ሦስተኛው ስክሪን ላይ ነጭ መኪና አየሁ፤
አንዱ የኋላ መብራቷ የተሰበረ።
የኔዋ።
ለካ ዓመቱን ሙሉ ራሴንም እቆጥር ነበረ።

ሐሙስ ዕለት ደፈርኩ። ባሕሩ እንደ ተተኮሰ አንሶላ፤
ድልድዩ ላይ የፍሬን መብራት፣ ቀይ በቀይ፣ አንዱ ከአንዱ ኋላ።
ደረስኩ። ሃምሳ ደቂቃ ተረፈኝ፣ ያልለመድኩት ሀብት፤
ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ፣ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩበት።

አርብ ጠዋት፣ የነፋሱን ነገር ማንንም ሳልጠይቅ፣
ወደ ድልድዩ ታጠፍኩ።